የሚጥል በሽታ በተማሪ ቤት ደጃፍ



እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሠላሳ አራት ዓመት ጠመኔ ይዤ በጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆምሁ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ዛሬ ስለሚጥል በሽታ ስናገር፣ ስለ ደዌው ባሕርይ የምለው ከሐኪሞች የተማርሁትን ነው፤ ስለ ተማሪ ቤቱ የምለው ግን በዐይኔ ያየሁትንና፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ በልጅነቴ እኔም የተባበርሁበትን ነው።

የንግግሬ ዓላማ አንድ ነው። ይህ ደዌ ያለባቸው ልጆች ከትምህርት ገበታ የሚለዩበት ዋናው ምክንያት፣ ከወደቁበት ሲነሡ የሚቀበላቸው የሰው ፊት መሆኑን ማስረዳት እሻለሁ። ለዚህም በመጀመሪያ ደዌው ስለ ተሸከመው ስምና ፍርሀት፣ ቀጥሎ ልጁ ከተማሪ ቤት ስለሚወጣባቸው በሮች፣ ከዚያም ስለ መድኃኒትና ስለ ጸበል፣ በመጨረሻም ስለ መምህሩ እጅ እናገራለሁ።

ከስሙ ልጀምር። በቋንቋችን አብዛኛው ደዌ የራሱ ስም አለው፤ ኩፍኝ እንላለን፣ ወባ እንላለን፣ ቁርጥማት እንላለን፤ ይህኛው ግን የሚጠራው በግሥ ነው፤ «የሚጥል» ይባላል። የሰዋስው መምህራን እንደሚያስተምሩን ግሥ ሁሉ ባለቤት ይሻልና፣ «ጣለው» ብሎ የተናገረ ሰው «ማን ጣለው» መባሉ አይቀርም። አባቶቻችንና እናቶቻችን ደኅና ቆሞ ይጫወት የነበረ ልጅ ማንም ሳይገፋው ድንገት ወድቆ፣ ዐይኑ ተገልብጦ፣ አረፋ ደፍቆ ሲንፈራገጥ ባዩ ጊዜ፣ የሚገፋውን እጅ ሊያዩት ስላልቻሉ፣ ለግሡ ባለቤት ይሆን ዘንድ አንዱ ጋኔን፣ ሌላው ጅኒ፣ ሌላው ደግሞ ከቅድመ አያት የወረደ እርግማን ሰጡት። በአንዳንድ ስፍራም ሌላውን የሰው ልጅ ጭምር በሚያዋርድ ስም ይጠሩት ነበር፤ ያን ስም በዚህ አዳራሽ አልደግመውም። በዚህ ምክንያት ደዌው ሌሎች ደዌያት የሌላቸውን ነውር ለበሰ። ወባ የያዘው ልጅ «ታመመ» ይባላል፤ የሚጥለው ልጅ ግን ከነቤተሰቡ ይመረመራል፤ ምን ረግጦ ነው፣ እናቱ ምን በድላ ነው፣ በዘራቸው ማን ነበረበት ይባላል።

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የጥንት ግሪኮች ደዌውን ከአማልክት የመጣ ነው ብለው ቅዱስ ደዌ ይሉት ነበር፤ ከዛሬ 2400 ዓመት ገደማ በፊት በሂፖክራተስ ስም በሚታወቀው መጽሐፍ ግን፣ ይህ ደዌ ከሌሎቹ ደዌያት አንዳች የተለየ ቅድስና እንደሌለው፣ ምንጩም አንጎል እንደ ሆነ ተጽፎ ይገኛል። ሃንስ በርገር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም የሰው አንጎል የሚያወጣውን የኤሌክትሪክ ሞገድ በመሣሪያ መዝግቦ እ.ኤ.አ. በ1929 ባሳተመ ጊዜ ደግሞ፣ ለዚያ ባለቤት ለጠፋለት ግሥ ባለቤቱን የመፈለጊያ መንገድ ተከፈተ። የአንጎል ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት እጅግ ረቂቅ በሆነ የኤሌክትሪክ ምልክት ነው፤ ይህ ምልክት ከልክ አልፎ ብዙ ሕዋሳት በአንድ ጊዜ ያለ ሥርዓት የተኮሱ እንደ ሆነ፣ ሰውነት ለጥቂት ደቂቃ ከባለቤቱ ፈቃድ ውጭ ይሆናል። ለዚህ የሚያበቃው ነገር ብዙ ነው፤ በምጥ ጊዜ ሕፃኑ መታፈኑ፣ ጭንቅላት መመታቱ፣ ማጅራት ገትር፣ ወደ አንጎል የወጣ ወባ፣ አንዳንድ ጊዜም በዘር የሚወረስ ጠባይ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚቀርበትም ብዙ ነው። ነገር ግን የወደቀውን በመንካት፣ አረፋው እጅን በማርጠቡ፣ በአንድ ወንበር በመቀመጥ ወይም በአንድ ጽዋ በመጠጣት ይህ ደዌ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይህን ቃል ቀስ ብዬ የተናገርሁት ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ እንኳ ይህ እንዳይረሳችሁ ብዬ ነው።

እንግዲህ የእነዚህን ልጆች ቍጥር ላስታውሳችሁ። በአገራችን የነርቭ ሕክምና ስማቸው በክብር የሚነሣው ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ማብቂያ በቡታጅራ አካባቢ በመስቃንና በማረቆ ገጠር ቤት ለቤት እየዞሩ 60,820 ሰዎችን በመረመሩ ጊዜ፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን 316 ሰዎች አገኙ፤ ይኸውም ከሺህ ሰው አምስት ያህል መሆኑ ነው። ከነዚህም የታወቀውን የሐኪም መድኃኒት ይወስዱ የነበሩት 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከቀሩት ብዙዎቹ የሚታከሙት በቅጠላ ቅጠል፣ በጸበልና በክታብ ነበር። እኔ እነዚህን ቍጥሮች በአነበብሁ ጊዜ እንደ መምህር ያደረግሁት ነገር ቢኖር ማባዛት ነው። ሁለት ሺህ ተማሪዎች በተመዘገቡበት ተማሪ ቤት በግምት አሥር ያህል እንዲህ ያሉ ልጆች ሊኖሩ ይገባል። ከዚያ ወዲህ ዳይሬክተር ባገኘሁ ቍጥር «በእናንተ ዘንድ ይህ ሕመም ያለባቸው ስንት ልጆች አሉ» ብዬ እጠይቃለሁ፤ መልሱም ብዙውን ጊዜ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኛ ዘንድ የለም» የሚል ነው። ወገኖቼ፣ አሥሩ የት ሄዱ? ከፊሎቹ በመድኃኒት ኃይል ወይም በዝምታ ተሸሽገው በክፍሉ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ የቀሩት ግን በደጃፉም አላለፉም፤ ወይም አልፈው ተመልሰዋል።

ወደ ሁለተኛው ነገር ልለፍ። አንድ ልጅ በዚህ ምክንያት ከተማሪ ቤት የሚወጣባቸው በሮች ሦስት ናቸው፤ የመጀመሪያውን የሚዘጋው የገዛ ቤተሰቡ ነው። እናት ልጇን ከቤት የምታስቀረው በጭካኔ አይደለም፤ «መንገድ ላይ ወንዝ አለ፣ ብትወድቅ ማን ያነሣልኛል» ብላ ነው። ነገር ግን ልጅቱ በቤት ስትቀር የምትቀመጠው የት ነው? ከምድጃው አጠገብ ነው፤ ውሃ ልትቀዳ የምትላከውም ወደዚያው ወንዝ ነው። በተማሪ ቤት ክፍል ውስጥ ምድጃ የለም፣ ወንዝም የለም፤ ሃምሳ ጥንድ ዐይን ግን አለ፤ ስለዚህ ለልጅቱ ደኅንነት ሲባል የተመረጠው ቤት ከሸሸችው ክፍል ይልቅ ለአደጋ የቀረበ ሆኖ ይገኛል። ከእናት ፍርሀት በስተጀርባ ደግሞ የቤተ ዘመድ ስሌት አለ፤ ይህች ልጅ በአደባባይ ከወደቀች የእኅቶቿን ጋብቻ ማን ይጠይቃል፣ ለወንድሟስ ሚስት ማን ይሰጣል ይባላል፤ አንዲትም ልጅ ለሌሎቹ ሠርግ ስትባል በጓዳ ትደበቃለች።

ሁለተኛው በር የተማሪ ቤቱ ነው። ስለዚህ በር የምነግራችሁ ከገዛ ልጅነቴ ነው። አራተኛ ክፍል ሳለሁ በአንድ ወንበር ሦስት ሆነን እንቀመጥ ነበር፤ ከጎኔ የሚቀመጠው ልጅ በሒሳብ ከሁላችን የሚበልጥ፣ አያቱ የሚያሳድጉት፣ ዝምተኛ ልጅ ነበር። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ማካፈል ሊሠራ ወደ ሰሌዳው ወጥቶ ሳለ አንዳች የሚያስደነግጥ ድምፅ አሰምቶ ወደቀ። «አትንኩት!» የሚል ጩኸት ከወዲያና ከወዲህ ተሰማ፤ መምህራችን፣ ዛሬ ሳስበው ዕድሜው ገና ሃያ ያልሞላ ወጣት ነበር፣ ወደ በሩ ሸሽቶ ሁላችንንም አስወጣን፤ አንዱ ክብሪት ሊያመጣ ወደ ዘበኛው ሮጠ፤ እኛም በመስኮት ተደርበን ተመለከትን። ልጁ ሲነቃ ሱሪው ርሶ ነበር፤ ክብሪት በአፍንጫው ሥር ይጤስ ነበር፤ በሁለቱም መስኮቶች ተማሪው ሁሉ ቆሞ ነበር። በሦስተኛው ቀን አያቱ እጁን ይዘው መጡ። የተማሪ ቤቱ ኀላፊ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ወንበር ስበው አስቀመጧቸው፣ ውሃም አቀረቡላቸው፣ ከዚያም በለሰለሰ ድምፅ «ሲሻለው ይምጣ» አሏቸው።

በዚህች ቃል ላይ ጥቂት እንድቆይ ፍቀዱልኝ፤ ስለ ጉዳዩ ከተናገርኋቸው ሁሉ ይህ ዋናው ይመስለኛልና። «ሲሻለው ይምጣ» የሚለው ቃል ማባረር አይባልም፤ ደብዳቤ የለውም፣ ማኅተም የለውም፣ በመዝገብ ላይ ምልክት አይጣልበትም፣ ተናጋሪውም ርኅራኄ እንዳደረገ ቈጥሮ በሰላም ወደ ቤቱ ይገባል። ነገር ግን ቀን ያልተቈረጠለት ቀጠሮ ነው። ይህ ደዌ ያለበት ልጅ በወደቀ በግማሽ ሰዓት ወይም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ እንደማንኛውም ልጅ ይሆናል፤ «ሲሻለው» ከተባለ የተሻለው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው፤ «ፈጽሞ ሲድን» ማለት ከሆነ ግን በዓመታት የሚቈጠር ሕክምና ነው፤ ያንን እየጠበቀ የተቀመጠ ልጅ ያደገ እንደ ሆነ ከታናናሾቹ ጋር መቀመጥ አፍሮ ይቀራል። ያ ጓደኛዬም አልተመለሰም። እኔ ግን፣ ይህን መናገር ያሳፍረኛል፣ በሚቀጥለው ሳምንት መጻሕፍቴን ዘርግቼ የእርሱን ስፍራ የራሴ አደረግሁት፤ ወንበሩ ሰፋልኝ ብዬም ደስ ብሎኝ ነበር።

ሦስተኛውን በር የሚዘጋው ልጁ ራሱ ነው፤ እርሱንም በአጭሩ አልፈዋለሁ። ልጁ ሲወድቅ ራሱን አያውቅም፤ የሆነውን ሁሉ የሚያውቀው ከሌሎች ፊት አንብቦ ነው። ሲነቃ ልብሱ የረጠበ፣ ምላሱ የተነከሰ፣ ወንበሩ ከሌሎቹ የራቀ ሆኖ ካገኘው፣ ስለ ራሱ የሚማረው ትምህርት ይህ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ወደ ሰሌዳ ውጣ ሲባል ይፈራል፣ በዕረፍት ሰዓት ለብቻው ይቆማል፣ በፈተና ቀን «ዛሬ ቢጥለኝስ» ይላል፤ ከዚያም አንድ ማለዳ ደብተሩን ሳይዝ ይቀራል።

እዚህ ላይ ከንግግሬ መሥመር ጥቂት ወጣ ልበል። የማይጥል የሚጥል በሽታም አለ። አንዳንዱ ልጅ አይወድቅም፣ አይንፈራገጥም፤ በንባብ መካከል ለጥቂት ሰከንድ ዐይኑን አንድ ስፍራ ተክሎ ይፈዝዛል፣ ከዚያም ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል፤ ይህም በቀን ብዙ ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። መምህሩ «ልብህ የት ሄደ» ብሎ ጠመኔ ይወረውርበታል፣ ወይም ያንበረክከዋል። በሥራ ዘመኔ ሰነፍ ያልኋቸውን ልጆች ዛሬ አንድ በአንድ ሳስታውስ፣ ከመካከላቸው እንዲህ ያለ ልጅ አልነበረም ብዬ ለመማል ድፍረት የለኝም።

ሦስተኛው ነገር መድኃኒትና ጸበል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ ደዌ ጋር ይኖራሉ፤ በሚገባ ተመርምረው ቢታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ። ፌኖባርቢታል የተባለው ኪኒን ለዚህ ደዌ እንደሚረዳ አልፍሬድ ሃውፕትማን የተባለ ሐኪም ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው፤ ለአንድ ሰው ለአንድ ዓመት የሚበቃው መድኃኒትም ዋጋው እስከ 5 የአሜሪካ ዶላር ዝቅ ሊል ይችላል። መቶ ዓመት ያለፈው፣ ዋጋውም ከአንድ ጥንድ ጫማ የማይበልጥ መድኃኒት ሳለ ልጆቹ የሚወድቁት ለምንድን ነው? የመድኃኒት እጥረትና የጤና ጣቢያ ርቀት አለ፤ አልክድም። ነገር ግን የተደበቀ ልጅ ለሐኪም አይታይም፤ ያልታየ ልጅ መድኃኒት አያገኝም፤ መድኃኒት ያላገኘው ደጋግሞ ይወድቃል፤ በወደቀ ቍጥርም ይበልጥ ይደበቃል። በአገራችን የዚህ ደዌ ሕክምና ለረዥም ዘመን ከአእምሮ ሕክምና ጋር ተያይዞ በመኖሩ፣ በአዲስ አበባም አማኑኤል ሆስፒታል ከዋነኞቹ መታከሚያ ስፍራዎች አንዱ በመሆኑ፣ «ልጄን እብድ ይሉብኛል» ብሎ ከደጃፉ የተመለሰ ወላጅ ጥቂት አይደለም። መድኃኒቱ አንዳንዱን ልጅ ጠዋት ጠዋት ያንቀላፋዋል፤ ይህን መምህሩ ቢያውቅ ስንፍና አይለውም፤ እንዳያውቅ ግን ተደብቆበታል።

ስለ ጸበል ስናገር እንደ አንድ ምእመን እንጂ እንደ ነቃፊ አትስሙኝ። ከወንጌላውያን ማርቆስ በምዕራፍ 9 የሚተርክልን ያ አባት ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጥለውን ልጁን ይዞ የመጣው በብዙ ሕዝብ ፊት ነው፤ ደዌው ልጁን ወደ እሳትና ወደ ውሃ እንደሚጥለው የተናገረውም በአደባባይ ነው። ስለ ጋኔን የሚነሣውን ክርክር ለሊቃውንት እተዋለሁ፤ እኔ የማስተውለው ሁለት ነገር ነው። አባቱ ልጁን አልደበቀውም። ጌታችንም ልጁ እንደ ሞተ ሆኖ ተጋድሞ ሳለ፣ ብዙዎች ሞተ ሲሉ፣ እጁን ይዞ አስነሣው። «አትንኩት» የሚለው ልማዳችን ከየት እንደ መጣ አላውቅም፤ ከዚህ ምዕራፍ ግን አልመጣም። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን ማክበር እንደሚገባና መድኃኒትን ከምድር ያወጣ ራሱ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ያስተምራል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ስለ ኤችአይቪ ሕሙማን በተነሣው ነገር መድኃኒቱና ጸበሉ እንደማይጣሉ፣ ሁለቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል ማስተማራቸው ይታወሳል፤ ይህ ቃል ለሚጥል በሽታም ቢነገር ስንት ልጅ ይድን ነበር! ኪኒኑ በጸበሉ ይዋጥ፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ ድንገት አይቋረጥ፤ ድንገት የተቋረጠ እንደ ሆነ ደዌው ከበፊቱ በርትቶ ሊነሣና ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላልና። ስለ መደበቅ ካነሣሁ ዘንድ፣ ኬር ኤፒለፕሲ ኢትዮጵያ የተባለውን ማኅበር የመሠረተችው ሴት ራሷ ከዚህ ደዌ ጋር የምትኖር መሆኗን፣ ይህንንም በአደባባይ መናገሯን በአክብሮት አነሣለሁ።

የቀረኝ የመምህሩ ነገር ነው። በክፍል ውስጥ ልጅ በወደቀ ጊዜ ተማሪዎቹ የወደቀውን ለጥቂት ቅጽበት ይመለከቱታል፤ ከዚያ በኋላ ዐይናቸውን ወደ መምህሩ ፊት ይመልሳሉ። እርሱ ከሸሸ የሚሸሹት ነገር መሆኑን ያውቃሉ፤ እርሱ ከተንበረከከ የሚንበረከኩለት ነገር መሆኑን ይማራሉ። የሚሠራውም ሥራ ቀላል ነው። ሰዓቱን ይይ፤ የሚያቈስል ነገር ካለ ከአጠገቡ ያርቅ፤ ከራሱ በታች ልብስ ያድርግለት፤ የአንገቱን ቍልፍ ይፍታ፤ መንፈራገጡን በኃይል አይያዝ፤ ማንኪያም ሆነ ጣት በአፉ አይክተት፤ ክብሪቱን ይተው፤ መንፈራገጡ ሲበርድ በጎኑ ያስተኛው፤ እስኪነቃም ከአጠገቡ አይለይ። ብዙውን ጊዜ በሁለትና በሦስት ደቂቃ ይበቃል፤ ከአምስት ደቂቃ ያለፈ ወይም ሳይነቃ የተደገመ እንደ ሆነ ግን ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይወሰድ። በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ነገር እኔ እጨምራለሁ፤ ኮቱን ወይም ጋቢውን አውልቆ ልጁን ከወገቡ በታች ይሸፍነው። ብዙ ልጆች ከተማሪ ቤት የቀሩት በመውደቃቸው ሳይሆን በረጠበው ልብሳቸው ነው።

ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። መምህር በሆንሁ በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ ስድስተኛ ክፍል ቃለ ጽሕፈት ሳስጽፍ፣ በሦስተኛው ረድፍ የምትቀመጥ ልጅ ወደቀች። የሚደረገውን በሙሉ አላውቅም ነበር፤ ያ በሰሌዳው ሥር የተጋደመ ጓደኛዬ ግን በዐይነ ኅሊናዬ መጣ፤ ኮቴን አውልቄ ሸፈንኋት፣ ተንበርክኬም ራሷን ያዝሁ፤ ተማሪዎቹን «ተቀመጡ፣ ጓደኛችሁ አሟት ነው፣ አሁን ትነቃለች» አልኋቸው። ማንም ወደ መስኮት አልሄደም። ነቅታ ጥቂት ተኛች፤ እናቷ መጥታም ወሰደቻት፤ ስትወስዳት «ነገ እጠብቃታለሁ» አልኋት፤ ያን ሌላውን ቃል እንዳልናገር ተጠንቅቄ ነበር። ልጅቱ ሌሊቱን ስታስብ አድራ ይሆናል፤ በማግሥቱ ግን ደወል ሳይደወል ብቻዋን ወደ ክፍሉ ገብታ፣ የታጠበና የታጠፈ ኮቴን በጠረጴዛው ላይ አኖረች። ስለ መውደቋ የምትጠይቀኝ መስሎኝ ምን ብዬ እንደምመልስላት አስብ ነበር። እርስዋ ግን ደብተሯን ከፍታ፣ ትናንት ፊደሉ ተጣሞ መሥመሩን ለቅቆ የቆመበትን ስፍራ በጣቷ እያሳየች፣ «ጋሼ፣ ከዚህ ቀጥሎ ያለውን አልጻፍሁትም» አለችኝ። ተቀምጬ የቀረውን አጻፍኋት።